«ማይ ከዝን ቪኒ» ተጋኗል ላልከው ወንድሜ፣ አንድ በአንድ እንነጋገር

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን «ማይ ከዝን ቪኒ» ስለሚባለው የፍርድ ቤት ኮሜዲ ረዘም ያለ ነገር ጽፎ አነበብኩ፣ ጭብጡ ባጭሩ "ይሄ ፊልም ከሚገባው በላይ ተጨብጭቦለታል፣ ሰው የሚወደው ስለለመደው ነው" የሚል ነው። አምስት ነጥብ ደርድሯል። የመጀመሪያው አንድ ሰአት ይንዛዛል፣ ህጉ የውሸት ነው እኛ ሀገር ደሞ ጁሪ (ከህዝብ ተመርጠው የሚፈርዱ ሰዎች) ስለሌለ ጭራሽ አይመለከተንም፣ ጠበቃው ሙግቱን የረታው በእድል ነው፣ ባላገርና የሚንተባተብ ሰው ላይ ይስቃል፣ የተዋናይቷ ኦስካርም በስህተት የተሰጠ ነው። አማርኛው ቆንጆ ነው እሱን አልክድም፣ ግን ሶስቱ ላይ ፊልሙን አንድ አይኑን ስልክ ላይ አድርጎ ያየው ነው የመሰለኝ፣ አንዱ ላይ ግማሽ ልክ ነው፣ አንዱ ደሞ ወሬ ነው።

ላላያችሁት፣ ፊልሙ እ.ኤ.አ በ1992 የወጣ ነው። ሁለት የኒውዮርክ ልጆች በመኪና አላባማን ሲያቋርጡ አንድ ሱቅ ይገባሉ፣ አንደኛው አንድ ጣሳ ቱና ኪሱ ከቶ ሳይከፍል ይወጣል፣ ረስቶት ነው። ትንሽ እንደሄዱ ፖሊስ ያስቆማቸዋል። እነሱ በቱናው የተያዙ ይመስላቸዋል፣ ፖሊሶቹ ግን የሱቁ ሻጭ ተተኩሶበት ሞቶ ነው የመጡት። የሞት ቅጣት ነው የሚጠብቃቸው፣ ለጠበቃ የሚከፈል ብር የለም፣ ስለዚ ያንደኛው የአጎት ልጅ ቪኒ (ጆ ፔሺ) ከብሩክሊን ከእጮኛው ከሊሳ (ማሪሳ ቶሜይ) ጋር ይመጣል። ቪኒ የጥብቅና ፈተናውን በስድስተኛው ሙከራ ያለፈ፣ ካለፈም ስድስት ሳምንት የሆነው፣ ችሎት ፊት ቆሞ የማያውቅ ሰው ነው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። የምኖረው አዲስ አበባ ዳር ቱሉ ዲምቱ ነው፣ የምበላው ፍርድ ቤት በር ላይ ላፕቶፕና ፕሪንተር ዘርግቼ ማመልከቻ፣ የክስ መልስ፣ ይግባኝ ምናምን እየጻፍኩ ነው። ስራ ሲቀዘቅዝ ገብቼ ችሎት እከታተላለሁ፣ ሱስ ሆኖብኛል። እና ይሄ ፊልም ለኔ የሚገርመኝ በአንድ ነገር ነው፣ እዚህ ፊልም ላይ ቀልዱ ራሱ ማስረጃ ነው። መጀመሪያ የሳቅክበት ነገር በኋላ ችሎት ላይ ቀርቦ ይመሰክራል። ይሄን ካላየህ በርግጥ ይንዛዛብሃል።

ከወሬው ልጀምር፣ ቶሎ ስለሚያልቅ። ቶሜይ ለዚህ ፊልም በረዳት ተዋናይት ዘርፍ ኦስካር የወሰደችው በማርች 1993 ነው፣ ስሟን የጠራው ሽማግሌው ተዋናይ ጃክ ፓላንስ ነበር፣ ከዛ ጀምሮ "ሰውየው ማንበብ አቅቶት የተሳሳተ ስም ጠራ፣ አዘጋጆቹም አፍረው ዝም አሉ" የሚል ነገር ይናፈሳል። ጸሐፊው ይሄን "ብዙዎች እንደሚሉት" ብሎ አስገብቶታል። ወንድሜ ብዙዎች የሚሉት እኮ ማስረጃ አይሆንም፣ የስሚ ስሚ ነው። የድምፅ ቆጣሪው ድርጅት ሰዎች አሸናፊውን አስቀድመው አውቀው ከመድረክ ጀርባ ነው የሚቆሙት፣ ስህተት ከተፈጠረ ወጥተው ማረም ስራቸው ነው። እ.ኤ.አ በ2017 የምርጥ ፊልሙ ፖስታ ተምታቶ ሌላ ፊልም ሲጠራ ሰዎቹ ወጥተው ምስጋና ጀምረው ሁሉ እዛው መድረክ ላይ አለም እያየ ነው የተስተካከለው። አፍረው ዝም አላሉም። ልጅቷ ደሞ ከዛ በኋላ ሁለት ጊዜ ለዛው ሽልማት ታጭታለች። ይለፈን።

አሁን "ይንዛዛል" የሚለው። ጸሐፊው ለምሳሌ ያነሳው ሶስት ነገር ነው፣ ቪኒ ቁርስ ቤት ገብቶ ስለ ምግብ ሲጠያይቅ የሚባክነውን ጊዜ፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ የሚቀረቀርበትን፣ እና በየሌሊቱ እንቅልፍ የሚያጣበትን። እንቅልፉን እሰጥሃለሁ። ባቡሩ፣ የፋብሪካው ፊሽካ፣ አሳማው፣ ጉጉቷ፣ መጨረሻ ላይ ሰውየው ችሎት በመድፈር ታስሮ እስር ቤት ጫጫታ መሃል ለጥ ብሎ ሲተኛ፣ እሱ ንጹህ ሳቅ ነው ሌላ ስራ የለውም። (እስር ቤቷ ጋ ሁሌም እስቃለሁ፣ ማታ ማታ ከጎረቤት ህንፃ የጀነሬተር ድምፅ ሲመጣ ደሞ ይበልጥ ይገባኛል።)

ቁርሱ ግን ሌላ ነገር ነው። ቪኒ ግሪትስ የሚባለውን ምግብ አይቶት አያውቅም፣ የበቆሎ ቅንጬ በሉት፣ የዛ ሀገር ሰው ጠዋት ጠዋት የሚበላው፣ እና አብሳዩን ይሄ ደሞ ምንድነው እያለ ያደርቀዋል። ስታየው የከተማ ልጅ ገጠር ሄዶ ግራ ሲገባው የሚያሳይ ተራ ቀልድ ነው። ከዛ ችሎት ይመጣል። አንዱ የአቃቤ ህግ ምስክር፣ ልጆቹ ሱቅ ሲገቡ ቁርሴን መስራት ልጀምር ነበር፣ ተኩሱን ሰምቼ ሲወጡ ሳይ ልበላ ነበር፣ መሃሉ አምስት ደቂቃ ነው አለ። አምስት ደቂቃ ከሆነ ደሞ ሌላ ሰው መጥቶ ገድሎ ሄደ ለማለት ጊዜ የለም፣ ልጆቹ አለቀላቸው። ቪኒ ሰውየውን ውሸታም አላለውም። ቁርስህ ምን ነበር? ብሎ ጠየቀው። እንቁላልና ግሪትስ። ግሪትሱ ቶሎ የሚደርሰው አይነት ነው መደበኛው? እዚህ ጋ ሰውየው ክብሩ ተነካ፣ የደቡብ ሰው ሆኖ ራሱን የሚያከብር ያንን ቶሎ የሚደርሰውን አይነካም አለ። አለቀ። በገዛ ኩራቱ ገባ። መደበኛው ግሪትስ የአለም ህዝብ ምድጃ ላይ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ያንተ ምድጃ ላይ ብቻ እንዴት በአምስት ደቂቃ ደረሰ? ሰውየው መልስ የለውም፣ ጁሪው ላይ የተቀመጡት በሙሉ ደሞ ግሪትስ ሲያበስሉ ያደጉ ሰዎች ናቸው፣ ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም።

ይሄን እያየሁ እዚህ የማየው ነው ትዝ የሚለኝ። እኛ ጋ መስቀለኛ ጥያቄ (የተቃራኒ ወገን ምስክር የሚጠየቀው) ሲባል ብዙ ጊዜ ምስክሩን ማስጨነቅ ነው። "በአይንህ አይተሃል? እርግጠኛ ነህ? ብትዋሽ እንደምትቀጣ ታውቃለህ?" ምስክሩ አዎ፣ አዎ፣ አዎ። ጠበቃው "ጨርሻለሁ ክቡር ዳኛ" ብሎ ይቀመጣል። ምን ተሰራ? ምስክሩ ለአቃቤ ህግ የተናገረውን ጠበቃው ደግሞ አስደገመለት፣ በቃ። ለዘመናት ስንሰራበት የኖርነው የ1954ቱ (በኛ አቆጣጠር) የወንጀለኛ መቅጫ ስነ ስርአት ህግ ቁጥር 137 ግን የመስቀለኛ ጥያቄ አላማ በዋናው ጥያቄ ከተመለሰው ውስጥ ስህተቱን፣ አጠራጣሪውን ወይም ውሸቱን ለፍርድ ቤቱ ማሳየት ነው የሚለው። ስህተት፣ አጠራጣሪ፣ ውሸት፣ ሶስት የተለያየ ነገር ነው። ቪኒ ሶስቱን ምስክሮች በሙሉ የያዛቸው በስህተትና በአጠራጣሪው ነው፣ በውሸት አንዱንም አልከሰሰም። አንደኛው በቆሸሸ መስኮት፣ በዛገ ወንፊትና በቅጠል መሃል ነው ያየው፣ ሌላዋ እናት መነፅራቸው አርጅቷል። እኚህ እናት ጋ ሜትር ዘርግቶ በግማሹ ርቀት ላይ ቆሞ ሁለት ጣቱን አንስቶ ስንት ነው ይላቸዋል፣ አራት ይላሉ። በትህትና ነው የሚያናግራቸው፣ ሴትየዋ ራሳቸው ወፈር ያለ መነፅር ሳያስፈልገኝ አይቀርም ብለው ነው የሚወርዱት። እንደዚህ አይነት መስቀለኛ ጥያቄ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው።

ወደ ሁለተኛው ገባን ማለት ነው፣ "ህጉ የውሸት ነው፣ እኛንም አይመለከትም"። ይሄን ሳነብ ነው ለመጻፍ የተነሳሁት። ዳይሬክተሩ ጆናታን ሊን ካምብሪጅ ህግ የተማረ ሰው ነው፣ ያስታውቃል ደሞ። የአሜሪካ ጠበቆች ማህበር መጽሔት እ.ኤ.አ በ2008 ምርጥ ሃያ አምስት የህግ ፊልሞችን ሲመርጥ ይሄን ኮሜዲ ሶስተኛ ነው ያደረገው፣ እነዛ ሁሉ ቁምነገረኛ ድራማዎች እያሉ። የጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ በ2006 አንድ ክርክር ሲሰሙ የቪኒን ስም አንስተዋል። እነዚህ ሰዎች ሲስቁ ብቻ አይደለም የኖሩት፣ ስራቸውን አይተውበት ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ላሳይ። ቪኒ አቃቤ ህጉን አደን ወስዶ፣ አባብሎ፣ አሞካሽቶ የምርመራ መዝገቡን በሙሉ አስኮርጆ ይመጣል፣ ጀግና ሆኖ ለሊሳ ይፎክራል። እሷ የስነ ስርአት መጽሐፉን ስታነብ ነበር፣ እና በህጉ የመስጠት ግዴታ አለበት እኮ፣ ብትጠይቀው በቂ ነበር ትለዋለች። የሰውየው ፊት! ጸሐፊው ይሄን "የሚስት ኩርፊያ ቀልድ" ብሎ አልፎታል። እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ በየጊዜው የማየው ነገር ነው። የልጃቸው ማስረጃ ምን እንደሆነ ለማየት "እባክህ አንድ ሰው ታውቃለህ ወይ" እያሉ የሚመጡ እናቶች አሉ፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 20 ንኡስ 4 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማናቸውንም ማስረጃ የመመልከት፣ ምስክሮችን የመጠየቅ መብት አለው ይላል፣ እነሱ ግን ውለታ ነው የሚመስላቸው፣ ሰጪውም አንዳንዴ ውለታ አስመስሎ ነው የሚሰጠው። ያ ቀልድ አይመለከተንም?

ጁሪ የለንም፣ እውነት ነው፣ ዳኛው ነው ፍሬ ነገሩንም ህጉንም የሚወስነው። ግን ምስክር አለን፣ ዋና ጥያቄ መስቀለኛ ጥያቄ አለን፣ መሪ ጥያቄ (መልሱን ራሱ የሚያስይዝ) የሚከለከልበት ቦታ አለን። ሙግትን ተሰብስቦ እየሳቁ ማየት ደሞ ከሆሊውድ አልተማርነውም፣ አያቶቻችን ዛፍ ስር "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ በግጥም ሲሟገቱ፣ በማር በበቅሎ ውርርድ ሲገቡ፣ ሰው ከቦ በነገር አዋቂው ምላስ ሲደመም የኖረበት ሀገር ነው። ቪኒ ያን ጊዜ ቢመጣ ነጠላውን አደግድጎ ይገባ ነበር።

በርግጥ አንድ ነገር ላይ ጸሐፊው ልክ ነው፣ ቪኒ ለዳኛው በሌላ ጠበቃ ስም ነው የቀረበው፣ ያ ፈቃድ የሚያስነጥቅ ወንጀል ነው፣ ፊልሙ ደሞ በሊሳ አንድ ስልክ አድበስብሶት ያልፋል። እዛ ላይ አልከራከርም።

"በእድል ነው የረታው"። ይሄኛው ላይ ቆም ልበል። ክርክሩ እንዲህ ነው፣ እጮኛው ድንገት የመኪና አዋቂ ሆና ተገኘች፣ ድንገት ያነሳችው ፎቶ ላይ ገዳዮቹ ሲሸሹ መኪናቸው የተወው የጎማ ምልክት ተገኘ፣ አለቀ። ድንገት? ፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ሆቴል ክፍል ውስጥ ቧንቧ ይንጠባጠባል፣ ቪኒ በደንብ አጥብቀሽዋል ወይ ብሎ ሲነዘንዛት በየትኛው መፍቻ፣ በምን ያህል ጉልበት እንዳጠበቀችው ሳይንሳዊ ትንታኔ ትሰጠዋለች፣ እሱም እንደ ምስክር እየጠየቃት ነው። ያ ትእይንት የችሎቱ ልምምድ ነው። ዘመዶቿ መካኒክ እንደሆኑ፣ ጋራዥ እንዳደገች ሁሉ ይነገረናል። ፎቶዎቹንም ስታነሳ በዛ በጭንቁ ሰአት ምን ትቀልጃለሽ ብሎ ተጣልቷታል። የናቁት ያስረግዛል የሚባለው እንደዚህ ነው።

ይሄን ፊልም አንድ የክረምት እሁድ ከጎረቤቴ ጋር ነው ያየሁት፣ መካኒክ ነው፣ እንግሊዝኛው ብዙም ስላይደለ እኔ ነበርኩ የማስረዳው። የጎማ ምልክቱ ፎቶ ሲመጣ "አቁመው አቁመው" አለኝ። ጠጋ ብሎ አየውና "ሁለቱም የኋላ ጎማ እኩል ፈትጓል፣ ይሄ ተራ ዲፈረንሻል አይደለም" አለ፣ የሞተሩን ሃይል ለሁለቱ ጎማ የሚያከፋፍለውን ማለቱ ነው። ሊሳ ገና አልተናገረችም! ከዛ ማጫወት ቀጠልን፣ እሷም ያንኑ አለች። ተራ ዲፈረንሻል ያለው መኪና ጭቃ ውስጥ ሲገባ ነዳጅ ስትሰጠው አንዱ ጎማ ብቻ በባዶ ይሽከረከራል ሌላው ዝም ይላል፣ ሃይሉ ወደ ቀለለው ጎማ ነው የሚሄደው። ሁለት እኩል ምልክት የሚተወው ሁለቱን ጎማ አብሮ የሚያስገፋ ዲፈረንሻል ነው፣ የልጆቹ የ1964 ቢዊክ ስካይላርክ ደሞ ያ የለውም። በዛ ላይ መኪናው የመንገድ ጠርዝ ላይ ሲወጣ አንዱ ጎማ ከፍ ብሎ ሌላው ሳይጋደል ጠፍጣፋ ምልክት ነው የተወው፣ ስለዚህ የኋላ እግሮቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ መሆን አለባቸው፣ የልጆቹ መኪና አንድ ወጥ አክስል (ሁለቱን ጎማ የሚያያይዝ ዘንግ) ነው። ያን ሁሉ ይዞ መልኩም ቁመቱም ስካይላርክን የሚመስል የ1963 ፖንቲያክ ቴምፐስት ነው። ጭቃው ውስጥ ዳኛ ፊት የሚያስቀርብ ልብስ እስኪያጣ የተንከባለለበት፣ ጸሐፊው "ይንዛዛል" ያለው ትእይንት፣ ለዚህ ነበር የተቀመጠው። ሊሳ ስለ ጭቃ ስትናገር ጁሪዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኛም ከአስፋልቱ ወደ ብሎካችን ስንገባ ሀምሌ ላይ ስንት ላዳ ገፍተናል፣ ሱሪያችን ላይ የሚረጨው የትኛው ጎማ እንደሆነ እናውቃለን።

"እጮኛ ባለሙያ ምስክር ትሆናለች ወይ" ብሎ ያፌዘውስ? ዝምድና የቃሏን ክብደት ሊቀንስ ይችላል እንጂ መመስከር አይከለክላትም። ዲግሪም አያስፈልግም፣ የአሜሪካ ፌደራል የማስረጃ ደንብ ቁጥር 702 እንኳን እውቀት፣ ክህሎት፣ ልምድ፣ ስልጠና ወይም ትምህርት ነው የሚለው፣ ጋራዥ ማደግ ይገባል። አቃቤ ህጉም ዝም ብሎ አልተቀበላትም፣ ስለ 1955 ሸቭሮሌ ሞተር የተንኮል ጥያቄ ጠይቋት ያ ሞተር በ1955 አልነበረም፣ የወጣው በ1962 ነው ብላ ነው አፉን ያስያዘችው። ሊሳ ተጣልታው ስለነበር አልመልስም ስትል ቪኒ በመሪ ጥያቄ ለመጠየቅ መጀመሪያ ዳኛውን ፈቃድ ይጠይቃል፣ እንደ ጠላት ምስክር ልያዛት ብሎ። ስርአቱ በትክክል እንደዛ ነው። መጨረሻ ላይ ደሞ አቃቤ ህጉ ያቀረበውን የኤፍቢአይ ባለሙያ መልሶ አቁሞ የተናገረችው ልክ እንደሆነ ከተቃራኒ ወገን አፍ ያስወጣል። ይሄ እድል ከሆነ እኔም እንደዚህ አይነት እድለኛ ጠበቃ ለደንበኞቼ እፈልጋለሁ።

ባላገር ላይ ይስቃል ለሚለው፣ እስቲ ማን ላይ እንደሚሳቅ ቁጠር። በቆዳ ጃኬትና በወርቅ ሀብል ችሎት ገብቶ የሚዋረደው የከተማው ልጅ ነው። ከከተማ ዳር የምንኖር ሰዎች መሃል ከተማ ያለ ሰው እንዴት እንደሚያየን እናውቃለን፣ ያ አይነት አስተያየት እዚህ ፊልም ላይ ቢኖር ይሸተኝ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ክፉ ሰው የለም እኮ። አቃቤ ህጉ ማስረጃው ሲፈርስ ራሱ ተነስቶ ክሱን ያነሳል፣ ለቪኒ ማደሪያ ሁሉ የሰጠው እሱ ነው። ሸሪፉም (የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ) የሚያስር ሰው ፈልጎ አይደለም። ልጁ ስለ ቱናው መስሎት ሲያወራ ቆይቶ የግድያው ነገር ሲነገረው ደንግጦ "ሻጩን ተኮስኩበት?" ይላል፣ ሸሪፉ ችሎት ላይ ከወረቀቱ ሲያነበው የጥያቄ ምልክቷ የለችም። ሰሚው አልዋሸም፣ ቃሉን የመዘገበው አልዋሸም፣ ሰው ግን ሊሞት ነው። ለፖሊስ የተሰጠ ቃል እያነበብኩ መልስ የምጽፍ ሰው ስለሆንኩ እዛ ጋ አልስቅም።

የሚንተባተበው፣ መንግስት ለተከሳሽ የሚያቆመው ጠበቃ ላይ ግን እስማማለሁ፣ ያ ቀልድ ያኔም ቀሽም ነበር አሁን ደሞ ሻግቷል። ተከላካይ ጠበቆች ስንት መዝገብ ተሸክመው እንደሚሮጡ የሚያውቅ ሰው ጭራሽ አያስቀውም። ያ ሰው መንተባተቡን ትተን ጥያቄው ብቻ ቢበላሽ እንኳን ቀልዱ ይሰራ ነበር፣ ምስክሩን መነፅር ታደርጋለህ አይደል ብሎ ጠይቆ ሳነብ ብቻ ተብሎ የሚመለስለት ለብቻው ይበቃል።

እና ወንድሜ እውነት ፊልሙን ማጥቃት ከፈለግክ የሳትከው ቦታ አለ። ሊሳ መስክራ እንደጨረሰች ሸሪፉ በቪኒ ጥያቄ አጣርቶ ይመጣና ጆርጂያ ውስጥ ሁለት ልጆች በተሰረቀ ቴምፐስት፣ በዛው ቀለም፣ .357 ማግነም ሽጉጥ ይዘው ተይዘዋል ይላል። ያን ሁሉ ሰአት ቅንጬውን፣ መስኮቱን፣ ጎማውን አንድ በአንድ ሲያስረዳን የቆየ ፊልም ገዳዮቹን በአንድ ወረቀት ነው የሚያመጣልን። ጥርጣሬው ብቻ ነጻ ሊያወጣቸው ሲበቃ ለምን ጨመሩት? እኔ መልስ አለኝ፣ አንተ ግን መጀመሪያ ጻፈው።